ማሞ ወልዴ በአንድ ደቂቃ አያልቅም

ግንቦት 18 ሲመጣ ይህ ዓምድ ሬዲዮ ከፍቶ ይጠብቃል። ሻምበል ማሞ ወልዴ ያረፈበት ቀን ነውና አንድ ሰው ስሙን ያነሣ እንደሆነ ለመስማት ነው። ዘንድሮ ስሙ ተነሣ። ከአንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ የስፖርት አዘጋጅ “ከአበበ ቢቂላ ቀጥሎ በማራቶን ወርቅ ያመጣልን፣ በሙኒክም ነሐስ ያጠለቀው ታላቅ አትሌት በሕመም ምክንያት ከዚህ ዓለም በሞት የተለየው በዛሬዋ ዕለት ነበር” አለ። ዘፈን ገባ። ዘፈኑ ሲያልቅ የአውሮፓ ክለቦች የዝውውር ወሬ ቀጠለ። ሁሉም ተደምሮ አንድ ደቂቃ ቢሞላ ነው።

ከተባለው ውስጥ ሐሰት የለም። የሚያስቆጣው የተዘለለው ነው። ኮሪያ ተዘለለች። የክብር ዘበኛ ዓመታት ተዘለሉ። ዘጠኙ የእስር ዓመታት “በሕመም ምክንያት” ከሚለው ሐረግ ሥር ተቀበሩ። ሚስቶቹና ልጆቹማ ጭራሽ አልተነሡም።

የዚህ ዓምድ ደንበኞች የቆየውን ጠብ ያውቁታል። አገሩን ያገለገለ ሰው ሲሞት የምናስታውሰው አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ብቻ ነው። ሜዳሊያ ያመጣ እንደሆነ ሜዳሊያውን፣ ኒሻን ያገኘ እንደሆነ ኒሻኑን። ሰውየው ጠዋት ስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ ልጆቹን በምን ስም እንደሚጠራ፣ የወር ደመወዙን ለማን እንደሚሰጥ የሚነግረን የለም። ስለዚህ ጉዳይ እዚህ ገጽ ላይ ብዙ ተብሏል፤ ዛሬም ይባላል፤ ምክንያቱም የማሞን ያህል የዚህ በደል ሰለባ የሆነ ሰው ማግኘት ከባድ ነው።

ማሞ ሯጭ ከመሆኑ በፊት ወታደር ነበር። ሰኔ 5 ቀን 1924 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ 60 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው የአድአ ምድር ተወለደ፤ ፊደል የቆጠረው ከቄስ ዘንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ክብር ዘበኛ ገባ። ያ ዓመት ለክብር ዘበኛ ተራ ዓመት አልነበረም። በዚያው ዓመት፣ በሚያዝያ ወር 1943 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ መሪነት ከጅቡቲ በመርከብ ተነሥቶ ወደ ኮሪያ ተጉዟል። ሻለቃው ስሙን ያገኘው ከራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው፤ አባ ቃኘው። ኮሪያ ሲደርስ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተመደበ። ሦስቱ ተከታታይ ሻለቆች እስከ ተኩስ ማቆሙ ድረስ 253 ውጊያዎች አደረጉ፤ ከ120 በላይ ወታደሮች ሞቱ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ። አንድም ሰው ግን በጠላት እጅ አልተማረከም። ይህን ቁጥር በየቦታው የሚደጋግሙት የኮሪያ ሰዎች ናቸው፤ እኛ ለልጆቻችን የምንነግረው ሲያስፈልገን ብቻ ነው።

ማሞ በ21 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1953፣ ተራው ደረሰው። ሁለት ዓመት ኮሪያ ቆየ። ተኩስ የቆመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ስለሆነ የእሱ ዘመን ባብዛኛው የጥበቃ ዘመን ነበር። “ታዲያ አልተዋጋም ማለት ነው” የሚሉ አሉ። እንዲህ የሚል ሰው በክረምት ምሽግ ውስጥ ቆሞ ያደረ ወታደር አያውቅም። የተኩስ ማቆም ስምምነት በወረቀት ላይ ይፈረማል እንጂ ወረቀቱን መሬት ላይ የሚጠብቀው ብርድ የሚመታው የ21 ዓመት ልጅ ነው። የአድአ ልጅ እንዲህ ያለ በረዶ ከዚያ በፊት አላየም። ሁለት ዓመት ከእናቱ ቤት፣ ከአገሩ እህል፣ ከሚያውቀው ቋንቋ ርቆ መቆየት ለብቻው ግዳጅ ነው።

በእነዚያ ዓመታት ቃኘዎች የሠሩት አንድ ሥራ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሰፊ ቦታ ሊሰጠው ይገባል። ዶንግዱቼዎን በተባለችው ከተማ ጦርነቱ ወላጅ ያሳጣቸውን የኮሪያ ሕፃናት ሰብስበው ቦህዋዎን የተባለ ማሳደጊያ አቋቋሙ። ከደመወዛቸው አዋጥተው አበሏቸው፤ አለበሷቸው። አብዛኞቹ ራሳቸው ገና ሚስት ያላገቡ ወጣቶች ነበሩ። መድፍ የጎተተ እጅ ሕፃን ማጠብ እንደሚችል እዚያ አሳዩ። ስለ ጀግንነት ሲወራ ይህ ለምን እንደሚቀር ይህ ዓምድ መቼም ገብቶት አያውቅም። ምሽግ መያዝ ጀግንነት ከሆነ፣ የማያውቁትን ሰው ልጅ አቅፎ ማሳደርስ ምን ይባላል?

ከኮሪያ መልስ ሩጫ ጀመረ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት በ1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ኦሊምፒክ ማሞ በ800 ሜትር፣ በ1500 ሜትርና በ4 ጊዜ 400 ዱላ ቅብብል ሮጠ። ከማጣሪያ አላለፈም። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ ምክንያቱም ሜዳሊያ የለበትም። ከሜልቦርን እስከ ሜክሲኮ ወርቅ 12 ዓመት አለ። እነዚያን 12 ዓመታት የሞላቸው የደንብ ልብስ ነው፤ ጠዋት መሰለፍ፣ ዘብ መቆም፣ ፈቃድ ሲገኝ መሮጥ። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን አበበንም ማሞንም ያሠለጠነው በዚያው የወታደር ሥርዓት ውስጥ ነበር።

በ1952 ዓ.ም. ማብቂያ አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ዓለምን ሲያስደንቅ ማሞ አልነበረም። ኋላ እንደተናገረው፣ ወደ ኮንጎ ለሰላም ማስከበር ይሂድ ወይስ ለውድድር ይሂድ በሚል ጦሩና የኦሊምፒክ ኮሚቴው ሳይስማሙ ቀሩ፤ እሱም ከሁለት ያጣ ሆነ። ለዚህ ሲያማርር የሰማነው ነገር የለም። የወታደር ዕጣ ነው ብሎ ያለፈው ይመስላል። ጥቂት ወራት ቆይቶ ደግሞ የታኅሣሡ ግርግር መጣ። የክብር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ከሸፈባቸው፤ መጋቢት 1953 ዓ.ም. ተሰቀሉ። ትናንት የአገር ኩራት የነበረው የክብር ዘበኛ ልብስ በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚያስጠረጥር ልብስ ሆነ። በዚያ ልብስ ውስጥ ሆኖ ማለፍ፣ ተረጋግቶ ሥራ መቀጠል፣ ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ በ10 ሺህ ሜትር አራተኛ መውጣት ቀላል ሰው የሚችለው አይደለም።

ከዚያ ሜክሲኮ መጣ። ጥቅምት 3 ቀን 1961 ዓ.ም. በ10 ሺህ ሜትር ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ በአንድ ሰከንድ የማይሞላ ልዩነት ቀደመው፤ ብር አገኘ። ሳምንት ቆይቶ ጥቅምት 10 ማራቶኑ ተሮጠ። አበበ ቢቂላ እግሩን ታሞ ነበር፤ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,240 ሜትር ከፍታ ባላት ከተማ፣ ሌላው ሯጭ አየር አጥሮት ሲያቃስት፣ የ36 ዓመቱ ማሞ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገባ። ሁለተኛ የወጣው ጃፓናዊው ኬንጂ ኪሚሃራ ከ3 ደቂቃ በኋላ ደረሰ። ኢትዮጵያ በተከታታይ ሦስተኛውን የማራቶን ወርቅ ወሰደች። “የአበበ ምትክ” የሚለውን ቃል ያወጣው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ይህ ዓምድ ግን ቃሉን በሰማ ቁጥር ያመዋል። ማንም በማንም ምትክ 42 ኪሎ ሜትር አይሮጥም።

የሙኒኩ ነሐስ ቀን ላይ ትንሽ መቆም ያስፈልጋል። ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም. ነበር፤ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። አበበ ሮም ላይ ያሸነፈበትም ቀን ጳጉሜን 5 ነው፤ ልክ ከ12 ዓመት በፊት። ወጣት ሯጮች በሞሉበት ውድድር ማሞ በ40 ዓመቱ ሦስተኛ ወጣ። ኋላ ሲናገር፣ እግሩን የማይመጥን ጫማ እንዲያደርግ መገደዱ እንደጎዳው ገልጿል። ቢሆንም ከአበበ ቀጥሎ በሁለት ተከታታይ ኦሊምፒኮች የማራቶን ሜዳሊያ ያገኘ ሁለተኛው የዓለም ሰው ሆነ። በማግሥቱ እንቁጣጣሽ ነበር፤ ዜናው ከአበባና ከችቦ ጋር አገር ቤት ገባ። እ.ኤ.አ. በ1973 ሌጎስ ላይ በመላው አፍሪካ ጨዋታዎች ማራቶኑን አሸነፈ። በዚያው ዓመት፣ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ አበበ ሞተ።

የሬዲዮው አዘጋጅ ቢጨነቅ ኖሮ እስከዚህ ድረስ ያለውን ማግኘት አያቅተውም ነበር። ከዚህ በኋላ ያለው ነው ሰው የሚሸሸው።

ማሞ ሁለት ጊዜ አገባ። የመጀመሪያ ሚስቱ እ.ኤ.አ. በ1987 አረፈች፤ ከእሷ አንድ ወንድ ልጅ ነበረው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለተኛ ሚስቱን አገባ፤ ሁለት ልጆች ተወለዱ። ማሞ 60 ዓመት ሊሞላው ሲል ቤቱ እንደገና የሕፃን ድምፅ ይሰማበት ጀመር። የ57 ዓመት ሰው ሐዘን ካደቀቀው በኋላ ተነሥቶ እንደገና ጎጆ ሲቀልስ፣ እንደገና ዳዴ የሚል ልጅ ሲያቅፍ ልብ ይጠይቃል። ሙኒክ ላይ ከታየው ጽናት ይህኛው ይበልጣል ቢባል ይህ ዓምድ አይከራከርም።

ልጆቹ ገና ሕፃናት እያሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1993፣ ተያዘ። ክሱ በቀይ ሽብር ዘመን በተፈጸመ ግድያ ተካፍሏል የሚል ነበር። ማሞ ግድያው በተፈጸመበት ቦታ እንደነበረ ሳይክድ፣ ግድያውን ግን አልፈጸምኩም ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ሳያገኝ ዓመታት አለፉ። የዓለም አቀፍ ኦሊምፒክ ኮሚቴ እንዲፈታ ወተወተ። ሙኒክ ላይ ማሞ በ31 ሰከንድ ቀድሞት አራተኛ የወጣው አሜሪካዊ ኬኒ ሙር፣ ያኔ ጋዜጠኛ ሆኖ ነበርና፣ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ታሪኩን በስፖርትስ ኢለስትሬትድ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1995 ጻፈ። ያሸነፈው ሰው ከውቅያኖስ ማዶ መጥቶ ጠየቀው፤ እኛ እዚሁ ከተማ ውስጥ ሆነን ብዙዎቻችን አልጠየቅነውም። በጥር 1994 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ቀለል ባለው ክስ ጥፋተኛ ብሎ ስድስት ዓመት ፈረደበት፤ ዘጠኝ ዓመት ታስሮ ስለነበር ተለቀቀ። ግንቦት 18 ቀን በጉበት ካንሰር አረፈ። ከልጆቹ ጋር ነፃ ሆኖ የኖረው ጥቂት ወራት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ወገኖች ይነሣሉ። አንደኛው “ጀግናችንን አታንሡብን፤ የፍርድ ቤቱን ነገር ተዉት” ይላል። ሁለተኛው “የተፈረደበትን ሰው መዘከር በሟቾች ላይ መሳለቅ ነው” ይላል። ሁለቱም አንድ ነገር ይፈልጋሉ፤ ግማሽ ሰው። አንደኛው ግማሹን ሐውልት ያቆምለታል፤ ሌላው ግማሹን ይረግመዋል። በዚያ የሽብር ዘመን ልጁን ያጣ ቤተሰብ አለ፤ ሐዘኑ እስከ ዛሬ ያለ ነው፤ ይህን ለማሞ ክብር ሲባል መደበቅ ማሞንም አያከብርም። አባታቸው ፍርድ ሳያገኝ ዘጠኝ ዓመት የታሰረባቸው ልጆችም አሉ፤ ይህንንም ለሟቹ ፍትሕ ሲባል መካድ ፍትሕ አይሆንም። ስለ ማሞ ወልዴ የሚጽፍ ሰው ሁለቱም ቤት ገብቶ መቀመጥ አለበት። ከአንዱ ቤት ብቻ የሚወጣ ታሪክ የሚታመን አይደለም።

ስለ እነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ሲታሰብ ይህ ዓምድ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እስር ቤቱ በር ላይ ነው። በዚያ ዘመን እስረኛ ያለበት ቤት ሁሉ ስንቅ ያመላልሳል። ሚስት ሌሊት ትነሣለች፤ እንጀራ ትጋግራለች፤ ወጡን በአገልግል ትቋጥራለች፤ ታክሲ ተጋፍታ ሰልፍ ትይዛለች፤ ጠባቂ ምግቡን በማንኪያ ያገላብጠዋል፤ ባዶው ዕቃ ተመልሶ ይወጣል። ባዶው ዕቃ መውጣቱ ራሱ መልእክት ነው፤ በልቷል፣ ደህና ነው ማለት ነው። ይህን ዓመት ሙሉ፣ ከዚያም ሌላ ዓመት የሠሩ ሴቶች በዚህች ከተማ ስንት ናቸው? በንጉሡ ጊዜ፣ በደርግ ጊዜ፣ ከዚያም በኋላ በነበረው ጊዜ አመላልሰዋል። መንግሥት ሲለወጥ ሰልፉ ላይ የሚቆሙት ሴቶች ይለወጣሉ፤ አገልግሉ ያው ነው። አንድ ሰው ጥሩ አባወራ መሆኑን ማወቅ የፈለገ የመታሰሪያውን በር ይይ፤ ለክፉ አባወራ ዘጠኝ ዓመት ስንቅ የሚያመላልስ ሰው አይገኝም።

ሌላ ምሳሌ ይነሣ። የአየር ኃይሉ ጀግና ጄኔራል ለገሠ ተፈራ በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ የጠላት አውሮፕላኖችን ከጣለ በኋላ የእሱም አውሮፕላን ተመቶ ተማረከ። 11 ዓመት በሶማሊያ እስር ቤት ቆየ፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ተፈታ። ስንት አውሮፕላን እንደጣለ የሚከራከሩ ሰዎች አሁንም ሞልተዋል። አባት ሳይኖር 11 ዓመት ያለፈበትን ቤት የሚጠይቅ ግን የለም። በቤቱ ውስጥ የትምህርት ቤት ወረቀት ማን እንደፈረመ፣ ጥምቀት ሲመጣ ልብስ ማን እንደገዛ፣ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ምን እንደሚመስል አንጠይቅም። ጦርነት የሚዘመተው በአንድ ሰው ስም ነው፤ የሚያስከፍለው ግን ቤተሰቡን ሁሉ ነው።

ከሁለት ወር በፊት የዚህ ዓምድ ጸሐፊ አንድ ቀብር ላይ ነበር። ሟቹ የቀድሞ የክብር ዘበኛ ወታደር ናቸው። እንደ ልማዱ የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ፤ መቼ እንደተወለዱ፣ መቼ እንደተቀጠሩ፣ በየትኛው ክፍል እንዳገለገሉ፣ በጡረታ የተሰናበቱበት ዓመት። “ባለትዳርና የአምስት ልጆች አባት ነበሩ” ተባለና ንባቡ አለቀ። የመጨረሻ ልጃቸው ከሕዝቡ መሀል ወጥታ ወደ አንባቢው ሄደች። “ይቅርታ አድርጉልኝ፤ አንድ ነገር ልጨምር” አለች። አባቷ እሑድ ማታ ማታ የልጆቹን ጫማ ሁሉ ሰብስቦ በረንዳ ላይ በቁመት ይደረድር እንደነበር፣ እንደ ወታደር ሰልፍ ከትልቅ ወደ ትንሽ አሰልፎ፣ አንድ በአንድ ቀለም ቀብቶ ያጸዳ እንደነበር ተናገረች። ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ሲነሡ ጫማቸው ያበራ ነበር። “እናታችን ልታግዘው ስትነሣ ‘አንቺ ተቀመጪ፤ ይሄ የኔ ግዳጅ ነው’ ይላት ነበር” አለች። ከቆምነው ውስጥ ዓይኑን ያልጠረገ አልነበረም።

ያች ልጅ በሁለት ደቂቃ የጨመረችው ከተነበበው ሁሉ በላይ ነው። ሰውየው ውትድርናውን ቤቱ ድረስ ይዞ እንደገባ፣ ሰልፉንና ጥራቱን ለልጆቹ ፍቅር እንዳዋለው የነገረችን እሷ ናት። ወረቀቱ ላይ ለምን እንዳልተጻፈ ስትጠየቅ “እንዲህ ያለ ነገር አይጻፍም ብለውኝ ነው” አለች። ማን እንዳላት ይህ ዓምድ አልጠየቀም። እንዲህ ያለ ነገር ነበር መጀመሪያ መጻፍ ያለበት።

የጥንቱ ለቅሶ እንዲህ አልነበረም። ሙሾ አውራጅዋ የሟቹን ጠመንጃ፣ ጋሻውንና ፈረሱን ለሕዝብ አቁማ ጀግንነቱን ትዘረዝራለች፤ አልፋም ደጁን ታነሣለች። ደጁ ለእንግዳ እንዴት ክፍት እንደነበር፣ የማንን የሙት ልጅ እንዳሳደገ፣ ሚስቱን እንዴት ይዞ እንደኖረ ሳታነሣ አታልፍም። ጎበዙና አባወራው በአንድ ልቅሶ ይለቀሱ ነበር። ዛሬ ለቅሶው ወደ ወረቀት ሲዞር ቤቱ ቀርቶ ማዕረጉ ብቻ ተረፈ። ወረቀቱን የሚያዘጋጁት ብዙ ጊዜ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ናቸው፤ የሚያውቁት የቅጥር ቀኑን ነው፤ ስለዚህ ያንኑ ይጽፋሉ። ሚስትና ልጆች ሐዘን ላይ ስለሆኑ አይጠየቁም። ቢጠየቁ ግን ያውቁታል።

ወደ ማሞ እንመለስ። በአፍንጮ በር የቃኘው መታሰቢያ አለ። ከሴዑል ራቅ ብላ በምትገኘው ቹንቾን ከተማም ሌላ አለ፤ ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1968 ራሳቸው ሄደው ያዩት ነው፤ ማሞ ሜክሲኮ ላይ ያሸነፈው በዚያው ዓመት ነው። በዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን መካነ መቃብር ደግሞ አበበም ማሞም ተቀብረዋል። በእነዚህ ቦታዎች ሦስት የተለያዩ ሰዎች ያሉ ይመስላል፤ ኮሪያ የዘመተው፣ የሮጠው፣ የሞተው። አራተኛው ሰው፣ አባትየው፣ የትም ቦታ የለም። የቃኘው ታሪክ ሲነገር ማሞ እዚያ ነበር የሚል እምብዛም አይሰማም። የሩጫ ታሪክ ሲነገር ደግሞ ቃኘው ይረሳል።

ደርግ ከቃኘው የድሮ ጠላት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ ከሆነ በኋላ ኮሪያ ዘምቻለሁ ማለት የሚያኮራ አልነበረም። ብዙ ቃኘዎች ኒሻናቸውን ሳጥን ውስጥ ቆልፈው፣ ታሪካቸውን ለልጆቻቸው ሳይናገሩ ኖሩ። ፍርሃቱ ካለፈም በኋላ ዝምታው ቀረ። ብዙ ቤቶች ውስጥ መጀመሪያ ጥያቄ ያስነሣው የደቡብ ኮሪያ መንግሥት ለእነዚህ አዛውንቶች የሚያደርገው እርዳታ ነው፤ “አባባ፣ ኮሪያ ምን አደረጋችሁ?” ብለው የጠየቁት የልጅ ልጆች ናቸው። ለብዙዎቹ የተጠየቁበት ቀን የመጀመሪያ ቀን ነበር።

ስለዚህ ይህ ዓምድ የሚጠይቀው ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ የማሞ ወልዴ ሙሉ ታሪክ በአማርኛ ይጻፍ። ከክብር ዘበኛ መዝገብ ይጀመር፤ ሜልቦርን የተሸነፈበት ማጣሪያ ይካተት፤ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ይከፈት፤ የልጆቹ ቃል ይጠየቅ፤ በቀይ ሽብር የተገደለውም ሰው ቤተሰብ ቃል ይጠየቅ። መጽሐፉ ሲታተም ብዙ ሰው ላያስደስት ይችላል፤ ግን ማሞን ያህል ሰው ሊሸከመው የሚችል ክብደት ያለው መጽሐፍ ይሆናል። አሜሪካዊ ጋዜጠኛ መጀመሪያ የጻፈውን ታሪክ እኛ እስከ ዛሬ በሙሉ አለመጻፋችን ያሳፍራል።

ሁለተኛው በእያንዳንዱ ቤት ሊደረግ የሚችል ነው። ሰፈራችሁ ውስጥ የቀድሞ ወታደር አለ፤ ቤታችሁ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ቁጭ ብላችሁ ጠይቁት። ስንት ጠላት ገደልክ ብላችሁ አትጀምሩ። የመጀመሪያ ደመወዝህን ለማን ሰጠህ? ለመጀመሪያ ጊዜ ልጅህን ስታቅፍ ከየት ተመልሰህ ነበር? ከግዳጅ ስትመለስ ሚስትህ ምን አብስላ ጠበቀችህ? ብላችሁ ጀምሩ። መልሱን በስልክ ቅረጹ፤ ዓመቱንና ክፍሉን ከፎቶው ጀርባ ጻፉ። ኮሪያ የዘመተ ሰው ካለ ቅድሚያ ለእሱ ይሁን፤ በ1945 ዓ.ም. 20 ዓመት የነበረው ወታደር ዛሬ ዕድሜው ከ90 አልፏል።